ከአጎቴ ጋር ልሥራ ወይስ ኮሌጅ ልግባ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የደምበጫ ልጅ ነኝ፤ ዕድሜዬ 19 ነው። የ12ኛ ክፍል የማለፊያ ውጤት አልመጣልኝም። ደብረ ማርቆስ ሄጄ በኮንስትራክሽን ሙያ፣ በተለይ በፌሮ ሥራ፣ በትብብር ሥልጠና ልመዘገብ አስቤ ነበር። ባሕር ዳር ሕንፃ ላይ የሚሠራው አጎቴ ግን «ምን ጊዜሽን ያስፈጅሻል? ነይና ከእኔ ጋ በቀን ሥራ ጀምሪ፤ ሙያው በእጅ ነው የሚለመደው» አለኝ። እናቴ ደግሞ «ሴት ልጅ ፌሮ ተሸክማ!» ብላ እህል አልቀምስ አለች። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ልጄ፣ አጎትሽ ሙያው በእጅ ይለመዳል ያለው እውነቱን ነው። እኔም ፌሮ በማሰር ጀምሬ ነው አሠልጣኝ የሆንኩት። ግን በቀን ሥራ የገባ ሰው ጠዋት የሚታዘዘው ጉልበት ወደጎደለበት ነው፤ አሸዋ ማመላለስ፣ ብሎኬት ማቀበል፣ ውሃ መቅዳት። ካቦው ፕላን ዘርግቶ ሲያይ ጠርቶ የሚያሳየው የለም። ዓመታት ፌሮ አስረው ዛሬም ፕላን የማያነቡ ጎበዝ ልጆች አውቃለሁ፤ ያሳዝኑኛል።

ልዩነቱን በአንዲት ስታፋ፣ ማለትም ቋሚዎቹን ፌሮዎች ዙሪያቸውን አቅፋ በምትይዘው የፌሮ ቀለበት፣ ላሳይሽ። 30 በ30 ሳንቲም ለሆነ ኮለን (የኮንክሪት ምሰሶ) ስታፋ ቁረጪ ተባልሽ እንበል። በየጎኑ 2.5 ሳንቲም ለኮንክሪት ሽፋን ይተዋል፤ ስለዚህ ስታፋው 25 በ25 ይሆናል፣ ዙሪያው 100 ሳንቲም ማለት ነው። ጫፍና ጫፉ ላይ ለሚታጠፉት ሁለት መንጠቆዎች አሥር አሥር ሲጨመር 120 ሳንቲም። አንዱ ፌሮ 12 ሜትር ስለሆነ ያለምንም ቁርጥራጭ 10 ስታፋ ይወጣዋል። (ሽፋኑንም መንጠቆውንም የሚወስነው ፕላኑ ነው፤ የሁሉም ሕንፃ አንድ አይደለም።) መንጠቆው ደግሞ ወደ ውስጥ 135 ዲግሪ ይታጠፋል። ብዙ ሳይት ላይ ለመፍጠን በ90 አጥፈው ይተዉታል፤ መሬት ሲንቀጠቀጥና የኮንክሪቱ ሽፋን ሲረግፍ ያ ስታፋ ተፈቶ ኮለኑን ይለቀዋል። ሽፋኑ ከሳሳም እርጥበት ገብቶ ፌሮውን ያዝገዋል። ረዳት ሆነሽ የምታዪው የመታጠፉን እንቅስቃሴ ብቻ ነው። ለምን እንደዚያ እንደሚታጠፍ የሚነግርሽ ያስፈልግሻል።

ስለዚህ ኮሌጁን ምረጪ እልሻለሁ፤ ግን ዓይንሽን ገልጠሽ ግቢ። በትብብር ሥልጠና 70 በመቶው ድርጅት ውስጥ በተግባር፣ 30 በመቶው በተቋሙ ነው የሚሰጠው። የሚበዛው ሳይት ላይ ነውና የሚወስንልሽም ሳይቱ ነው። ሠልጣኞችን ተቀብሎ ወራቱን ሙሉ ሲሚንቶ ሲያሸክም የከረመ ሳይት አይቻለሁ፤ ከኮሌጁም መጥቶ የጠየቀ አልነበረም። ከመመዝገብሽ በፊት የትኛው ሥራ ተቋራጭ ጋ እንደሚመድቡሽ፣ እዚያ የሚያሠለጥንሽ ባለሙያ ማን እንደሆነ፣ ከኮሌጁ ማን በየስንት ጊዜው መጥቶ እንደሚያይሽ ጠይቂ። ሕንፃው ያለበትን ደረጃም ጠይቂ፤ ልስን ላይ የደረሰ ሕንፃ ፌሮ አያስተምርሽም። የልምምዱ ጊዜ ሐምሌና ነሐሴ ላይ እንዳይወድቅም ተከራከሪ። የጎጃምን ክረምት ታውቂዋለሽ፤ ኮንክሪት ሙሌቱ ይቀዘቅዛል፣ ሠልጣኝም ጥግ ይዞ ይውላል። የሠራሽውን በየቀኑ ደብተርሽ ላይ ጻፊና አሠሪሽን አስፈርሚ።

አበል ይኑር አይኑርም ቁርጡን እወቂ። ከደምበጫ መመላለስ ስለማያዋጣ የቤት ኪራይና ቀለብ አለብሽ፤ አጎትሽ ሊረዳሽ ከፈለገ እዚህ ላይ ይርዳሽ።

ለእናትሽ ይህን ንገሪያቸው። ባለ 12 ሚሊ ፌሮ በሜትር 0.89 ኪሎ ገደማ ነው፤ ሙሉው 12 ሜትር 11 ኪሎ አይሞላም። አንቺ ከምንጭ የምታመጪው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የዚያ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። የሚያሰጋው ከፍታውና ስለቱ ነው። ሄልሜት፣ ጓንትና ጫማ ማቅረብ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የአሠሪው ግዴታ ነው፤ ሠልጣኝ ነሽ ብለው ከነፈጉሽ ወደ ላይ አትውጪ፣ ለኮሌጁ አሳውቂ። በሥራው ግን እመኚኝ፣ ካስተማርኳቸው መካከል ቋጠሯቸው የማይላላ፣ ልካቸው የማይዛነፍ ሴቶች ብዙ ናቸው።

መጨረሻ ላይ የሙያ ብቃት ምዘና፣ ሲኦሲ የምንለው፣ አለ። የሚመዝንሽ አስተማሪሽ ስላልሆነ ፊት አይታይም፤ ሠርተሽ ታሳያለሽ። ይህ ምዘና ሙያውን በሥራ ላይ ለለመደ ሰውም ክፍት ነው። እስኪ አጎትሽን ጠይቂልኝ፣ ተመዝኖ ያውቃል? ካላወቀ ባሕር ዳር ምዘና ማዕከል ሄዶ ለየትኛው ደረጃ መቀመጥ እንደሚችል ይጠይቅ። ፕላን ማንበቡ ካስቸገረው ክረምት ላይ ሥራ ሲቀዘቅዝ ደምበጫ ይምጣና ከደብተርሽ አስጠኚው፤ እሱ ደግሞ ማጠፊያው ላይ እጅሽን ያፍታታልሽ።