«አየለት» ከ«አየለች» ጋር ይዛመዳልን?

ጥያቄ፦ እስራኤል የተወለደችው የልጅ ልጄ ስሟ አየለት ይባላል። አንድ ዘመዳችን «የእኛው አየለች በዕብራይስጥ ሲነገር ነው» ይላል፤ መምህሯ ግን «ንጋት ማለት ነው» ብላናለች። ማንን እንመን?

መልስ፦ ለእውነቱ የምትቀርበው መምህሯ ናት፤ ይሁን እንጂ «ንጋት» የሚለው ቃል በስሙ ውስጥ የለም። በዕብራይስጥ ወንዱ ዋላ «አያል»፣ ሴቷ «አያላ» ትባላለች፤ ግዕዙም ለዚሁ ወገን እንስሳ «ሀየል» የሚል ቃል አለው። በግዕዝ «ወለት» ዘርፍ፣ ማለትም «የማን» የሚለውን የሚመልስ ስም፣ ሲከተላት «ወለተ ማርያም» እንደምትሆን ሁሉ፣ «አያላ»ም ዘርፍ ሲከተላት መድረሻዋን ለውጣ «አየለት» ትሆናለች። ስለዚህ አየለት «አየለት ሃሻሐር»፣ ማለትም «የንጋት ዋላ» ከሚለው ሐረግ ዘርፉ ተቆርጦ የቀረ ስም ነው፤ ወለተ ማርያምን አሳጥረን «ወለተ» ብለን እንደምንጠራት መሆኑ ነው። ንጋቱ ያለው በተቆረጠው በኩል ነው። በምሳሌ 5፥19 «አየለት አሃቢም»፣ የፍቅር ዋላ፣ የሚል ሌላ ሐረግ ስላለ፣ የትኛውን አስበው እንዳወጡላት ወላጆቿን መጠየቅ ይገባል።

ሐረጉ የሚገኘው «አምላኬ አምላኬ፥ ለምን ተውኸኝ» ብሎ በሚጀምረው መዝሙር ርእስ ላይ ነው፤ በዕብራይስጡ ቍጥር 22ኛው፣ በእኛ ዳዊት 21ኛው ነው። ብዙዎች መዝሙሩ የሚዜምበት የታወቀ ዜማ ስም ነው ይላሉ። የጥንቶቹ የግሪክ ተርጓሚዎች ግን ዋላዪቱን ትተው «የማለዳ ረድኤት» ብለው ተረጎሙት፤ በዚያው መዝሙር ውስጥ ብርታትንና ረድኤትን የሚያመለክት «ኤያሉት» የሚባል፣ በፊደል የሚቀራረብ ቃል ስላለ ከእርሱ ጋር አስተያይተውት ይመስላል።

ዋላ ከንጋት ጋር ምን አገናኛት? ከሁሉ የሚያረካኝ የጥንት አይሁድ ሊቃውንት ትምህርት በተሰበሰበበት በኢየሩሳሌም ታልሙድ፣ በራኾት በተባለው ክፍሉ የመጀመሪያ ምዕራፍ የሚገኘው መልስ ነው፤ አየለት ሃሻሐርን ኮከብ የሚሏት ተሳስተዋል፣ ከምሥራቅ እንደ ሁለት የብርሃን ቀንዶች ሆና የምትወጣ ናት ይላል። በዚያው ስፍራ ሁለት ሊቃውንት በገሊላ በሚገኘው በአርቤል ሸለቆ በማለዳ ሲሄዱ ብርሃኗን አይተው፣ አንደኛው የእስራኤል መዳን እንዲሁ ቀስ በቀስ የሚመጣ መሆኑን ለባልንጀራው ይነግረዋል። ታልሙዱ ቢቃወምም የኋለኛው ዘመን ዕብራይስጥ አየለት ሃሻሐርን ለአጥቢያ ኮከብ ሰጥቶታል፤ ቋንቋ ሊቃውንቱን የሚሰማው ሲፈልግ ብቻ ነው።

ንጋት የሚለው «ሻሐር» ራሱም ዛሬ ለወንድም ለሴትም የሚወጣ ስም ነው። ሙስሊም ወገኖቻችን በረመዳን ጎህ ሳይቀድ የሚበሉት «ሱሑር» የመጣበት የዐረብኛው «ሰሐር» የዚህ ቃል ዘመድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1929 ጀምሮ በተቆፈረችው በሶርያዋ ራስ ሻምራ በተገኙ፣ ኡጋሪት በተባለችው የጥንት ከተማ ጽሑፎች ደግሞ ሻሐር ሻሊም ከሚባል ወንድሙ ጋር አብሮ የተወለደ አምላክ ሆኖ ይገኛል፤ አንዱ የንጋት፣ ሌላው የምሽት ነው። እኛ «ጎህ ቀደደ» እንደምንል ዕብራይስጡም በኢሳይያስ 58፥8 ብርሃን እንደ ሻሐር «ይሰነጠቃል» ይላል።

ወደ ዘመድዎ ሐሳብ ስንመለስ፣ «አየለች» የተገኘችው «ኀየለ»፣ በረታ፣ ከሚለው የግዕዝ ግስ ነው። የ«ኀይል» ትክክለኛ የዕብራይስጥ አቻ «ሐይል» ሲሆን፣ በእስራኤል ወታደሩን «ሐያል» የሚያሰኘውም ይኸው ሥር ነው፤ ይህ በሐ ይጀምራል፣ ዋላዪቱ ግን የእኛ አ አቻ በሆነው በአሌፍ። አማርኛ በዚህ ግስ ኀን ወደ አ ስለለወጠው ሁለቱ በእኛ ጆሮ አንድ መሰሉ እንጂ፣ የልጅ ልጅዎ አየለት ከአየለች ጋር አትዛመድም።