ያልተቀበልሁት ማመልከቻ

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት ሥራ በመፈለግ ላይ ያለች የእህቴ የልጅ ልጅ፣ «አባባ፣ ፌስቡክ ላይ ፊደል እየገደፈ የሚጽፍ ሰው በሥራው ይሳካለታል?» ብላ ጠየቀችኝ። ወዲያውኑ መመለስ አልቻልሁም፤ ጥያቄዋ ከሠላሳ ዓመት በላይ ያልለቀቀኝን አንድ ማመልከቻ አስታወሰኝ።

በ1980ዎቹ አጋማሽ እዚሁ ድሬዳዋ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት የአስተዳደር ኃላፊ ሳለሁ፣ ለዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ማስታወቂያ አውጥተን ነበር። አንድ የገንደ ቆሬ ሰፈር ወጣት በእጁ የጻፈውን ማመልከቻ አቀረበ። «እባክዎን» በማለት ፈንታ «እባኮትን»፣ «እንደዚህ» በማለት ፈንታ «እደዚህ» ይላል። «ሠራተኛ» የሚለው ቃል አንድ ቦታ በንጉሡ ሠ፣ ሁለት መስመር ወረድ ብሎ ደግሞ በእሳቱ ሰ ተጽፏል። በቀይ ብዕር ግድፈቱን ሁሉ አሰመርሁበትና «ስም በትክክል መጻፍ ያልቻለ ንብረት እንዴት ይረከባል?» ብዬ ወረቀቱን ወደ ጎን አደረግሁት። ልጁ ከበር ውጭ ቆሞ ይጠብቅ ነበር፤ አስገብቼ አላነጋገርሁትም። አፉን የፈታው በኦሮምኛ መሆኑን፣ ሶማልኛውን ከገበያ፣ አማርኛውን ደግሞ ከትምህርት ቤት ያገኘው መሆኑን ለማወቅ አንድ ጥያቄ ይበቃኝ ነበር። ሽመንደፈር (የባቡር ድርጅቱ) ያሳደገው አጎቴ እንኳ ፈረንሳይኛ አቀላጥፎ እየተናገረ አማርኛን እንደሰማው ይጽፍ እንደነበር እያወቅሁ ነው ይህን ያደረግሁት።

በእርግጥ ፊደል ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም። በንጉሡ ሠ «ሠዓሊ» ሥዕል የሚሥል ነው፤ በእሳቱ ሰ «ሰአሊ» የሚለምን ነው። ይሁን እንጂ በአማርኛ አነጋገር ድምፃቸው አንድ ስለ ሆነ የተማሩትም በአጻጻፋቸው ይለያያሉ። የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው፤ በአማርኛ አፉን የፈታ፣ ዲግሪ የያዘ ወጣት «ነህ» ለማለት «ነክ» ብሎ ጽፎ አንድ ጊዜ እንኳ ሳያነበው ይለቀዋል። የዛሬ ልጆች ትቸኩላላችሁ፤ ችኮላና አለማወቅ ግን በወረቀት ላይ አንድ ይመስላሉ፤ እኔንም ያሳሳተኝ ይህ ነው።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው በወሰደ ጊዜ፣ ከጎርፉ የተረፉትን ከሚመዘግቡት መካከል ነበርሁ። ስሞቹን በፊደል ተራ አስተካክዬ በንጹሕ ወረቀት ገልብጫለሁ። አንዲት ሶማሊ እናት ስሟ በ«ሀ» ድምፅ የሚጀምር ልጇን ፍለጋ መጣች። በሃሌታው ሀ ሥር ተመለከትሁና «የለችም» አልኋት። ሴትዮዋ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች። አጠገቤ ሲመዘግብ የነበረ ሰው በሶማልኛ የልጅቷን ዕድሜ፣ የአባቷን ስምና የሰፈሯን ምልክት ጠየቃት፤ የተጨማደደ ደብተሩን ገልጦም ልጅቷ የተጠለለችበትን ቦታ ነገራት። በኋላ ወረቀቴን ባየው እኔ ራሴ ስሟን በሐመሩ ሐ ሥር ጽፌው ኖሯል።

ደብተሩን ተቀብዬ አየሁት። «እደዚህ» ይላል፤ እጅ ጽሑፉም ያው ነው። በዚያን ጊዜ የራሱን የእህል መጋዘን ያስተዳድር ነበር። «ጋሼ፣ ያውቁኛል? ድሮ እርስዎ ዘንድ ሥራ አመልክቼ ነበር» አለኝ፤ በድምፁ ውስጥ ቂም አልነበረም። ይቅርታ ልጠይቀው ስል ሌላ ቤተሰብ መጣና ወደ ደብተሩ ተመለሰ። እስከ ዛሬም አልጠየቅሁትም።

ለእህቴ የልጅ ልጅ «አዎ፣ ይሳካለታል» አልኋት። ከዚያ በኋላ ግን የላከችልኝን የሥራ ማመልከቻ ቁጭ ብዬ አረምሁት፤ ሁለት ቦታ የጻፈችውን «እባኮትን» «እባክዎን» አድርጌ መለስሁላት። ማመልከቻውን የሚቀበላት ሰው ያኔ እንደ ነበርሁት ዓይነት ሊሆን ይችላል።