ዞን፣ ቦይለርና ቴርሞስታት፦ እንግሊዝ አገር ላላችሁ የማሞቂያ ጥያቄና መልስ

ብርዱ ሲገባ ስለ ማሞቂያ የሚጠይቀኝ ሰው ይበዛል። ኑሮዬ ለንደን ነው፣ ሥራዬም ማሞቂያ መግጠም ነው። እዚህ የምመልሰው የእንግሊዝን የግንባታ ደንብ ይዤ ነው። ስኮትላንድና ዌልስ የየራሳቸው ደንብ አላቸው።

ጥያቄ፦ ባለሙያው «ቤቱ በዞን መከፈል አለበት» አለኝ። ምን ማለቱ ነው? ገንዘብ ለመጨመር ይሆን?

አይደለም፣ እውነቱን ነው። ዞን ማለት የራሱ የሙቀት መቆጣጠሪያ ያለው የቤቱ ክፍል ነው። ለምን እንደሚያስፈልግ የገና ዕለት ይታያል። ሳሎኑ በእንግዳ ይሞላል፣ ቡና ይፈላል። ቴርሞስታቱ፣ ማለትም ሙቀቱን እየለካ ማሞቂያውን የሚያበራውና የሚያጠፋው መሣሪያ፣ ያለው ሳሎን ነው። ሃያ ሰው ያሞቀውን አየር ሲለካ «በቃ ሞቋል» ብሎ ቦይለሩን፣ ውሃውን የሚያሞቀውን መሣሪያ፣ ያጠፋዋል። ፎቅ ላይ የተኙት ልጆች ግን ይበርዳቸዋል። ቤቱ ሁለት ዞን ቢኖረው ሳሎኑ ሲዘጋ ፎቁ መሞቁን ይቀጥላል። በሌላው ቀን ደግሞ ማንም የሌለበትን ፎቅ ቀኑን ሙሉ አታሞቅም።

ጥያቄ፦ አዲስ ቤት እያሠራን ነው። ደንቡ ስንት ዞን ይላል?

መመሪያው ከግንባታ ደንቡ ስለ ኃይል ቁጠባ በሚናገረው፣ «ፓርት ኤል» በሚባለው ክፍል ውስጥ ነው። አሁን የሚሠራበት እ.ኤ.አ. ከጁን 15 ቀን 2022 ጀምሮ የጸናው ነው። የወለሉ ስፋት 150 ካሬ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ለየብቻ የሚታዘዙ ቢያንስ ሁለት የማሞቂያ መስመሮች፣ ማለትም ሁለት ዞን፣ ያስፈልጋሉ። ቤታችሁ ከዚያ ካነሰም እያንዳንዱ ክፍል ሙቀቱን የሚያስተካክል ነገር ይፈልጋል። የተለመደው አሠራር አንድ ክፍል ውስጥ ቴርሞስታት ማድረግና በሌሎቹ ክፍሎች ራዲያተሮች ላይ ቴርሞስታት ያለው ቫልቭ መግጠም ነው፤ ከ1 እስከ 5 ቁጥር ያለበት፣ በእጅ የሚዞረው ማለቴ ነው።

አንድ ነገር አደራ። መስመሩ የሚለየው ወለሉና ግድግዳው ከመዘጋቱ በፊት ነው። ኮንትራክተሩ ዋጋ ሲሰጣችሁ የዞኑን ቁጥር በጽሑፍ ያስቀምጥ። ልስን ካለቀ በኋላ መስመር መለየት ማለት ያለቀ ቤት ማፍረስ ነው።

ሌላም አለ። ቦይለሩም ቧንቧውም ራዲያተሩም አዲስ ከሆነ፣ ወደ ራዲያተር የሚሄደው ውሃ ከ55 ዲግሪ ሳይበልጥ ቤቱን ማሞቅ እንዲችል ሆኖ መሠራት አለበት። ውሃው ብዙ ስለማይግል ራዲያተሮቹ ተለቅ ቢሉ አትደንግጡ።

ጥያቄ፦ እኔ ቦይለሩን ብቻ ነው የምቀይረው። አሮጌውን ቤት ሁሉ ዞን አድርጉ እባላለሁ?

የድሮው ቤትሽ ዝም ብሎ በተቀመጠበት ደንቡ አይመጣበትም እህቴ። ቦይለር ስትቀይሪ ግን መቆጣጠሪያውም ይታያል። ቫልቭ የሌላቸው ራዲያተሮች ካሉ፣ የሚቻልና ወጪው የሚያዋጣ እስከሆነ ድረስ ይገጠምላቸዋል። የማሞቂያው ውሃ ተደፍቶ ሥራው በተያዘበት ቀን ማስገጠሙ ይሻላል፤ ብቻውን ሲሠራ ይወደዳል። የጋዝ ኮምቢ ቦይለር (ያለ ማጠራቀሚያ ጋን የማሞቂያውንም የቧንቧውንም ውሃ የሚያሞቀው) ከሆነ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ከሰዓትና ከሙቀት መቆጣጠሪያው ሌላ አንድ ተጨማሪ ኃይል ቆጣቢ ነገር ግዴታ ነው፤ ለምሳሌ የውጭውን አየር እያየ ሙቀቱን የሚያስተካክል።

ጥያቄ፦ ቴርሞስታቱን ኩሽና በር አጠገብ ሰቀሉልን። እንጀራ ስንጋግር ቤቱ ይቀዘቅዛል። ለምን?

ምጣዱ ነዋ! ሙቀቱ ቴርሞስታቱን ያታልለዋል። ከምጣድ፣ ከፀሐይና ከራዲያተር ራቅ ወዳለ ቦታ ይዛወር። ቴርሞስታቱ ባለበት ክፍል ያለው ራዲያተር ላይ ደግሞ ያ ባለ ቁጥር ቫልቭ አይኑር። ካለ፣ ቫልቩ ቀድሞ ሲዘጋ ክፍሉ የተፈለገው ሙቀት ላይ አይደርስም፤ ቦይለሩም ሳያቋርጥ ይነዳል።

ጥያቄ፦ የማንጠቀምበትን መኝታ ቤት ጭራሽ ልዝጋው?

ዝቅ ያድርጉት እንጂ ጭራሽ አይዝጉት። ከኩሽናና ከመታጠቢያ የሚወጣው እንፋሎት ቀዝቃዛ ግድግዳ ሲያገኝ ውሃ ይሆናል፣ ሻጋታውም ይከተላል።

ጥያቄ፦ ተከራይ ነኝ። ማሞቂያውን ራሴ ላስተካክለው?

ራስህ አትንካው። ለአከራይህ በጽሑፍ አመልክት። የጋዝ መሣሪያውን በየ12 ወሩ ማስመርመርና ወረቀቱን ለአንተ መስጠት የእሱ ግዴታ ነው።

ጥያቄ፦ በርካሽ የሚሠራልን የምናውቀው ልጅ አለ። እናሠራው?

የጋዝ ባለሙያዎች በሚመዘገቡበት «ጋዝ ሴፍ» በሚባለው መዝገብ ውስጥ ከሌለ በፍጹም! ጋዝ መንካት በሕግ ለተመዘገቡት ብቻ የተፈቀደ ነው። ልጁ ጎበዝ ሊሆን ይችላል፤ ግን ጋዝ በደንብ ሳይቃጠል ሲቀር በሚወጣው መርዝ፣ በካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሰው ተኝቶ ይቀራል፣ ሽታም የለውም። መታወቂያውን ጠይቁት። በመታወቂያው የፊት ገጽ ላይ ፎቶና የሚያበቃበት ቀን አለ። ጀርባውን ገልብጡና የትኛውን ሥራ እንዲሠራ እንደተፈቀደለት አንብቡ፤ ምድጃ የሚገጥም ሁሉ ቦይለር አይገጥምም። ቦይለሩ ከተገጠመ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ ሥራው መመዝገብ አለበት፤ ከዚያ የግንባታ ደንብ ሰርተፊኬቱ ይላክላችኋል። እሱን ከቤቱ ካርታና ውል ጋር አስቀምጡት። ቤቱን ስትሸጡ የገዢው ጠበቃ ይጠይቃችኋል።