አንድ ኮምፒውተር አምራች ከገበያው በላይ ማደግ ይችላል? ጥያቄና መልስ

ስለ ኮምፒውተር ኩባንያዎች ዕድገት የጠየቃችሁኝን ሰብስቤ እነሆ መልሴን። ምሳሌዬ በብዛት ዴል ነው፤ ነገሩን እንደ እሱ ጥርት አድርጎ የሚያሳይ አላውቅም። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ገበያው በዓመት 10 በመቶ እያደገ አንዱ አምራች በ30 በመቶ ማደግ ይችላል?

መልስ፦ ይችላል፣ ግን ለዘለዓለም አይደለም። እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። ዛሬ ከገበያው 5 በመቶ ቢይዝ፣ ከ10 ዓመት በኋላ ድርሻው ወደ 27 በመቶ ይጠጋል። በ18ኛው ዓመት 100 በመቶን ያልፋል! ይሄ ደግሞ አይሆንም። ስለዚህ መጠየቅ ያለብን እስከ መቼ እንደሚችል ነው።

ጥያቄ፦ ዴል ታዲያ እንዴት ቻለ?

መልስ፦ ማይክል ዴል በ1984 ኦስቲን ውስጥ፣ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በ1,000 ዶላር ጀመረ። ለደንበኛው በቀጥታ ይሸጥ ነበር። መሃል ላይ በሱቆች መሸጥ ሞክሮ በ1994 ትቶታል። ደንበኛው ያዛል፤ ከዚያ ነው ማሽኑ የሚገጣጠመው።

ዋናው ጉዳይ እዚህ ጋ ነው። የፕሮሰሰርና የሚሞሪ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ይወርዳል። የተፎካካሪዎቹ ማሽን በአከፋፋይ መጋዘን ሳምንታት ሲቀመጥ፣ ዴል ጋ ዕቃ የሚቆየው ለጥቂት ቀናት ነበር። የሚገዛው በወረደው ዋጋ ነው ማለት ነው። በዚያ ላይ፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ የደንበኛው ብር የሚገባው ለአቅራቢዎች ከመክፈሉ በፊት ነበር። ባደገ ቁጥር እጁ ላይ ጥሬ ገንዘብ ይጨምራል። በ1996 በተዘጋው የሒሳብ ዓመት 5.3 ቢሊዮን ዶላር የነበረው ገቢ በ1999 ከ18 ቢሊዮን አለፈ። በ2001 በዓለም የፒሲ (የግል ኮምፒውተር) ሽያጭ አንደኛ ሆነ።

ጥያቄ፦ ሌሎቹ ለምን አልቀዱትም?

መልስ፦ አከፋፋዮቻቸውን ማስቀየም ፈሩ። ተፎካካሪው ኮምፒውተር አምራች ኮምፓክ በቀጥታ ልሽጥ ሲል፣ ዕቃውን የሚሸጡለት ነጋዴዎች ገበያቸውን የወሰደባቸው ያህል ነው የሚሰማቸው።

ጥያቄ፦ ምን አቆመው?

መልስ፦ ላፕቶፕ ነው ባይ ነኝ። ቢሮዎች ዴስክቶፕ በጅምላ ሲያዙ ቀጥታ ሽያጭ ይመቻል። ለራሱ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ግን ኪቦርዱን ነክቶ፣ ስክሪኑን አይቶ መግዛት ይፈልጋል። ላፕቶፖቹን ደግሞ የታይዋን ኩባንያዎች ለብዙ ብራንዶች ይሠሩ ስለነበር የዴል የመገጣጠም ብልጫ ሟሟ። በ2006 መጨረሻ ሌላው ኮምፒውተር አምራች ኤችፒ ቀደመው። በ2007 ማይክል ዴል ወደ ሥራ አስፈጻሚነቱ ተመለሰ፣ ዎልማርት በተባለው የአሜሪካ ግዙፍ የሱቅ ሰንሰለት ውስጥም መሸጥ ጀመሩ። ትክክለኛ ውሳኔ ነበር፣ ግን ዘገየ።

ጥያቄ፦ አፕልስ?

መልስ፦ የአፕል ኮምፒውተር ማክ በ2006 ወደ ኢንቴል ፕሮሰሰር ከዞረ በኋላ ለዓመታት ከፒሲ ገበያው በፍጥነት አድጓል። ድርሻው ትንሽ ስለነበር ቦታ ነበረው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ የማየው ዴል አብዛኛው ያገለገለ ነው። ይሄ ለኩባንያው ይቆጠራል?

መልስ፦ አይቆጠርም። ገቢው የተመዘገበው ላፕቶፑ አዲስ ሆኖ ሲሸጥ ነው።

ጥያቄ፦ አሁንስ ዴል ዕድል አለው?

መልስ፦ በፒሲ ብቻ አይመስለኝም። በ2016 ኢኤምሲ የተባለውን የዳታ ማከማቻ ኩባንያ የገዛውም ለዚህ ይመስለኛል። በ2025 በተዘጋው የሒሳብ ዓመት ካገኘው ከ95 ቢሊዮን ዶላር በላይ ገቢ ግማሽ ያህሉ ከፒሲ ነው። ዕድገቱ ያለው ግን የኤንቪዲያ ቺፕ በተገጠመላቸው የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ሰርቨሮች (በዳታ ማዕከል የሚሠሩ ኃይለኛ ኮምፒውተሮች) ላይ ነው። እዚያ ትርፉ ስስ ነው፤ ሌሎቹ ሰርቨር አምራቾች ሱፐርማይክሮም ኤችፒኢም ያንኑ ቺፕ ይዘው ይሸጣሉ።