የጤና ጥያቄዎቻችሁ፦ ጅማት ሲታመም ማረፍ ወይስ ማሠራት?

ጥያቄ፦ በሳምንት አራት ቀን እሮጣለሁ። ከሁለት ወር ወዲህ ጠዋት ከአልጋ ስነሣ ከተረከዜ በላይ ያለው ጅማት ድርቅ ይልብኛል፤ ጥቂት ከተራመድኩ በኋላ ይለቀኛል። ሦስት ሳምንት አርፌ፣ አይቡፕሮፌን ወስጄ ተሽሎኝ ነበር። ሩጫ በጀመርኩ በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። አሁንስ ረዘም ላለ ጊዜ ልረፍ?

መልስ፦ ሙሉ በሙሉ አይረፉ። ጡንቻን ከአጥንት ጋር የሚያያዘው ጅማት ጎን ለጎን ከተሰደሩ የኮላጅን ክሮች የተሠራ ነው። ከአቅሙ በላይ ሥራ ሲደራረብበት ክሮቹ መሥመራቸውን ይስታሉ፤ ጅማቱም ይወፍራል። ዋናው ችግር ይህ በመሆኑ አይቡፕሮፌን ሕመሙን ያስታግሳል እንጂ ጅማቱን አይጠግንም። እረፍትም እንደዚያው ነው። ሕመሙ ጋብ ይላል፤ ሥራ የፈታው ጅማት ግን ይበልጥ ይደክማል። ሩጫው ሲመለስ ሕመሙም አብሮ የመጣው ለዚህ ነው።

በመጀመሪያ የሚያምዎትን ቦታ ይለዩ። ጅማቱን በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርገው ከተረከዝ ወደ ላይ ይሂዱ። ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ ከተረከዝ አጥንት ከ2 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ነው፤ አንዳንዱን ደግሞ ጅማቱ አጥንቱን በሚነካበት ቦታ ያመዋል። ሐኪም በሽታውን በመዳሰስና በመጠየቅ ብቻ ሊያውቀው ይችላል። አልትራሳውንድ ምንም በማያማቸው ሰዎች ላይም የተዛባ ጅማት ሊያሳይ ስለሚችል፣ የምስሉ ውጤት ብቻውን አያስደንግጥዎ።

ሕክምናው ጅማቱን በመጠን ማሠራት ነው። የሚደገፉት ነገር ይዘው፣ በእግርዎ የፊት ግማሽ ደረጃ ጫፍ ላይ ይቁሙ። በሁለቱም እግር ከፍ ይበሉ፤ ክብደትዎን ወደሚያምዎት እግር ያዛውሩና 3 ሰከንድ ያህል እየቆጠሩ ተረከዝዎን ከደረጃው በታች ዝቅ ያድርጉ። ወደ ላይ የሚመለሱት በደህናው እግር ነው። 15 ጊዜ አንድ ዙር ይባላል። ጉልበት ቀጥ ብሎ 3 ዙር፣ ጉልበት አጠፍ ብሎ ሌላ 3 ዙር፣ ጠዋትና ማታ፣ ለ12 ሳምንት ይሥሩ። ሳያምዎት መሥራት ሲችሉ በጀርባ ቦርሳ ክብደት ይጨምሩ። ሕመሙ አጥንቱ ላይ ከሆነ ግን ከደረጃ በታች አይውረዱ፤ ጅማቱ ከአጥንቱ ጋር ይጫናልና ወለል ላይ ይሥሩት።

ሲሠሩ መጠነኛ ሕመም ቢኖር አይፍሩ። መለኪያዎ የማግስቱ ጠዋት ነው። ድርቀቱ ከትናንቱ ከባሰ አብዝተዋል ማለት ነው፤ ይቀንሱ። ብዙ ሰው ለውጥ አላየሁም ብሎ በሦስተኛው ሳምንት ይተወዋል፤ የሚያሳዝነን ይህ ነው፤ ጅማት ቀስ ብሎ የሚለወጥ አካል ነው። ሩጫውን በሜዳማ ቦታና በዝግታ አሳጥረው መቀጠል ይችላሉ፤ ዳገትና ፍጥነት ይቆዩ።

ሁለት ነገር አደራ። በዚህ ጅማት ውስጥ የስቴሮይድ (ብግነትን የሚያበርድ መድኃኒት) መርፌ አይወጉ፤ የመበጠስ አደጋ አለው። ሲፕሮፍሎክሳሲን ወይም ሊቮፍሎክሳሲን የተባሉትን አንቲባዮቲኮች እየወሰዱ ጅማትዎን ካመመዎት ደግሞ እንቅስቃሴውን አቁመው መድኃኒቱን ላዘዘልዎ ሐኪም ዛሬውኑ ይንገሩ። ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆነ ወይም ስቴሮይድ የሚወስዱ ሰዎች ይበልጥ ይጠንቀቁ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ኳስ ሲጫወት ከኋላው በእርግጫ የተመታ መሰለው፤ ዞር ሲል ማንም የለም። እያነከሰም ቢሆን ይራመዳል። ራጅ ተነሥቶ አጥንቱ ደህና ነው ተባለ። ይጠብቅ?

መልስ፦ አይጠብቅ፤ ዛሬ ይመርመር። ይህ የተረከዝ ጅማት ሲበጠስ የሚሰማው ስሜት ነው። ራጅ ጅማትን አያሳይም፤ ሌሎች ጡንቻዎች ስለሚያግዙ እግሩን ማንቀሳቀሱም ማረጋገጫ አይሆንም። ሐኪሙ በሆዱ አስተኝቶ፣ እግሩን ከአልጋው ጠርዝ አውጥቶ ባቱን ይጨምቃል። ጤነኛ እግር ሲጨመቅ ጣቶቹ ወደ ታች ያመለክታሉ፤ የተበጠሰበት እግር ዝም ይላል። ከዚያ ጣቶቹን ወደ ታች አድርጎ በጄሶ ወይም በልዩ ቦት መያዝ፣ አልያም ቀዶ ሕክምና ይከተላል። በሁለቱም መንገድ የሚድን ብዙ ነው፤ ሳምንታት ካለፉ ግን የተበጠሱት ጫፎች ስለሚራራቁ ሥራው ይከብዳል።

ጥያቄ፦ ከወለድኩ ሦስት ወሬ ነው። ልጄን ባነሣሁ ቁጥር በአውራ ጣቴ በኩል ያለው የእጄ አንጓ ክፉኛ ያመኛል።

መልስ፦ አውራ ጣትዎን በጭብጥዎ ውስጥ ሸሽገው እጅዎን ቀስ ብለው ወደ ትንሿ ጣት በኩል ያጥፉ። ሕመሙ እዚያው ከጠነከረ የደ ኬርቫን ሕመም ሳይሆን አይቀርም። የአውራ ጣት ጅማቶች የሚያልፉበት ጠባብ ቱቦ ወፍሮ ጅማቶቹን ሲያንቃቸው የሚመጣ ነው። ሕፃኑን አውራ ጣትዎን ከፍተው በብብቱ አያንሡት፤ መዳፍዎን ወደ ላይ አድርገው ከሥሩ ያቅፉት። አንጓውንና አውራ ጣቱን የሚይዝ መደገፊያ ለጥቂት ሳምንታት ያድርጉ። ካልተሻለዎት የስቴሮይድ መርፌ እዚህ ላይ ጥሩ ውጤት አለው፤ የሚሰጠው ወደ ቱቦው እንጂ ወደ ጅማቱ አይደለምና ከላይ ካስጠነቀቅነው ይለያል።

ጥያቄ፦ አንሶላ ከፍራሽ ሥር ስወትፍ የቀለበት ጣቴ ጫፍ ተጎነበሰ። ብዙም አያምም፤ ግን በራሱ አይቃናም።

መልስ፦ ጣቱን የሚያቃናው ቀጭን ጅማት ተበጥሷል፣ ወይም ትንሽ አጥንት ይዞ ተነሥቷል፤ ሁለተኛውን ለመለየት ራጅ ይነሡ። አብዛኛው ያለ ቀዶ ሕክምና ይድናል። የመጨረሻው መገጣጠሚያ ብቻ ቀጥ ብሎ በመደገፊያ ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ ሌትም ቀንም ይያዛል፤ መካከለኛው መገጣጠሚያ ነፃ ሆኖ ይታጠፍ። ሲታጠቡ መደገፊያውን የሚያወልቁት ጣትዎን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ነው፤ ቆዳውን አድርቀው ሳያነሡት መልሰው ያስሩታል። አንዴ ካመለጠዎትና ጫፉ ከተጎነበሰ ቆጠራው ከመጀመሪያው ቀን ይጀምራል።