የሞተር ሳይክል ማርሽ አልገባ ሲል ቶሎ ብላችሁ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) አታስፈቱ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ቡሬ አካባቢ የግብርና ባለሙያ ነኝ፣ ከቀበሌ ቀበሌ የምዞረው በሞተር ነው፣ ባለ 4 ስትሮክ 150 ነች። ከሐምሌ ጀምሮ ማርሹ አስቸገረኝ። ጠዋት ደህና ነው ግን አንድ ሰዓት ያህል ጭቃ ከነዳሁ በኋላ ስቆም ፎሌ (ማርሽ ያልገባበት ቦታ) አይገኝም፣ አንደኛ ሳስገባ ጓ ይላል፣ ፍሪሲዮን (ሞተሩን ከማርሹ የሚያላቅቀውን) እስከ መጨረሻው ይዤውም ወደፊት ካልሄድኩ ይላል። ጋራዥ ስወስደው ካምቢዮው ተበልቷል ሞተሩ ይውረድ አሉኝ፣ የጠየቁኝ ብር ደግሞ ከወር ደሞዜ ይበልጣል። ምን ላርግ?

መልስ፦ ወንድሜ እባክህ ሞተሩን አታስወርድ። ፍሪሲዮን ይዘህ የሚገፋ ከሆነ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ እየለቀቀ አይደለም ማለት ነው። ካምቢዮው ጉልበት እየመጣበት ማርሽ መቀየር ያቅተዋል፣ ፎሌ የሚጠፋውም ጓ የሚለውም ለዛ ነው። በዚህ ምክንያት ጤነኛ ካምቢዮ ተፈቶ ሲበተን ስንቴ እንዳየሁ፣ ያናድደኛል፣ የሰው ገንዘብ ነው።

መጀመሪያ ይሄን ሞክር፣ ገንዘብ አያስወጣም። ሞተሩን አጥፋና ወደፊት ወደኋላ እያወዛወዝክ ማርሹን ከአንደኛ እስከ መጨረሻው ቀይረው (ቆሞ እያለ ብቻ ከረገጥከው ጥርሶቹ ፊት ለፊት ተጋጥመው ላይገባ ይችላል፣ ያ ብልሽት አይደለም)። ጠፍቶ ሁሉም ጠቅ ጠቅ እያለ ከገባና ሲነሳ ብቻ ካስቸገረ ጣጣው ከፍሪሲዮኑ ነው፣ ከካምቢዮው አይደለም።

ከዛ ከእጀታው ጀምር። የፍሪሲዮኑ እጀታ ሽቦውን መሳብ ከመጀመሩ በፊት ጫፉ ላይ ትንሽ ልል መሆን አለበት፣ በአብዛኞቹ ትንንሽ ሞተሮች ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር፣ የጣት ውፍረት ያህል በለው። ከዛ በላይ ከላላ ብትይዘውም ፍሪሲዮኑ አይለቅም፣ ጭራሽ ልል ከሌለው ደግሞ ይንሸራተትና ሸራው (ፍሪሲዮኑ ውስጥ እየተጫነ የሚይዘው ስስ ሳህን) ይቃጠላል። ማስተካከያው እጀታው ስር አለ፣ ብዙ ጊዜ ታችም ሞተሩ ጋ ሌላ አለ። ሚኒሞውንም (ነዳጅ ሳትሰጠው ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት) እየው፣ ከፍ ካለ ፍሪሲዮኑ ደህና ሆኖም አንደኛ ሲገባ ጓ ይላል።

አሁን እጀታው ላይ ያለችውን የጎማ ሽፋን ገልጠህ ሽቦው እጀታው ውስጥ የሚገባበትን ቦታ በደንብ እየው። እኔ ጋ ከመጡት ውስጥ አንዱ ላይ ሽቦው ተበጣጥሶ በሦስት ክር ብቻ ነበር የተንጠለጠለው፣ የተበጠሱት ክሮች እንደ እሾህ ቆመው ጣቴን ወጉኝ፣ ባለቤቱ ግን ሁለት ጋራዥ ዞሮ ማንም ጎማዋን አልገለጠለትም። ክረምት ላይ ውሃና ጭቃ ሽቦው ልባስ ውስጥ ይገባና ይዝጋል፣ እጀታው የከበደህ ከሆነ ሽቦውን ፍታና አንጠልጥለው፣ ዘይት ከላይ ጠብ ጠብ አድርግለት፣ በታች ንጹህ ሆኖ እስኪወጣ። ካልሆነ ቀይረው፣ ከካምቢዮ ጋር ሲተያይ ዋጋው ምንም ማለት ነው።

ሽቦውም ልሉም ደህና ሆኖ ሲሞቅ ብቻ የሚብስ ከሆነ ከሸራዎቹ መሃል ያሉት ብረቶች ሳይጣመሙ አይቀሩም፣ ጭቃ ላይ ፍሪሲዮን ግማሽ ይዞ መንዳት የሚያመጣው ነው። ይሄም ቢሆን ሞተር አያስወርድም፣ በአብዛኞቹ ሞተሮች በቀኝ በኩል ያለው ክዳን ዘይቱ ወርዶ ሲከፈት ፍሪሲዮኑ እዛው ነው። ብረቶቹን አንድ በአንድ መስታወት ላይ አስተኛቸው፣ ስራቸው ብርሃን ካሳለፈ ጠመዋል። ሸራዎቹ የሚገቡበትን ቤት ጥርሶች ደግሞ በጥፍርህ ዳብሳቸው፣ ጥፍርህ እየተያዘ የሚሄድ ከሆነ ተቦርቡረዋል ማለት ነው፣ ሸራው እዛ ላይ እየተሰነቀረ ነው የማይለቅህ። አዲስ ሸራ ከገዛህ ሳትገጥም በፊት ዘይት ውስጥ አሳድረው፣ የክዳኑን ጓርኒሲዮንም (ዘይት እንዳያፈስ መሃል የሚገባውን) ቀይር።

ስለ ዘይት፣ ባለ 4 ስትሮክ ሞተር ላይ ሞተሩም ካምቢዮውም ፍሪሲዮኑም አንድ ዘይት ነው የሚጠቀሙት፣ እንደ ድሮው ባለ 2 ስትሮክ የመስሪያ ቤት ሞተር ያማሃ ኤጂ 100 የካምቢዮው ለብቻው አይደለም። ስለዚህ ጠርሙሱ ላይ ጃሶ ኤምኤ (JASO MA፣ ዘይት ውስጥ ለሚሰራ ፍሪሲዮን የሚሆን ማለት ነው) የሚል ፈልግ። ነዳጅ ይቆጥባል የሚባለው የመኪና ዘይት ውስጥ ማንሸራተቻ ስላለ ፍሪሲዮኑን ያንሸራትተዋል።

ጥያቄ፦ ከአርባ ምንጭ ነው። ዳገት ላይ ሁለተኛ ማርሽ ራሱ ይወጣል፣ በእግሬ ተጭኜ ይዤው ነው የምወጣው።

መልስ፦ ወንድሜ በእግር መያዙን ዛሬውኑ ተው፣ ውስጥ ማርሹን የሚገፋውን ሹካ ትጨርሰዋለህ። የማርሽ መርገጫው ዘንጉ ላይ የታሰረበት ቦሎን እንዳልላላ፣ ወድቀህ ታጥፎ ከሆነም ከሞተሩ ጋር እየተጋጨ እንዳይሆን እይ፣ እንደዛ ከሆነ መርገጫው መንገዱን ሳይጨርስ ማርሹ ግማሽ ብቻ ይገባና ይወጣል። ይሄ ሁሉ ደህና ከሆነ ግን ያንተ የውስጥ ነው፣ የማርሹ መያዣ ጥርስ ጠርዙ ተበልቶ ደንዟል ወይ ሹካው ጠሟል፣ መከፈት አለበት። አትቆይ፣ የተፈረፈረው ብረት በዛው ዘይት ሞተሩ ውስጥ ነው የሚዞረው።

ጥያቄ፦ ጋሼ እኔ ሐዋሳ ነኝ፣ ለስራ ገጠር እወጣለሁ፣ ሴት ነኝ ብቻዬን ነው የምነዳው። የፍሪሲዮን ሽቦ መንገድ ላይ ቢበጠስብኝ እንዴት እመለሳለሁ?

መልስ፦ እህቴ ትመለሻለሽ። ፎሌ ላይ አስነሺው፣ ቢቻል ቁልቁለት ፈልጊና ሞተሩ መንከባለል ሲጀምር ረጋ ብለሽ አንደኛ አስገቢ፣ ነጠቅ ያደርግሻል አትደንግጪ። ከዛ በኋላ ለመጨመር ነዳጁን ለቅጽበት ለቀቅ አድርገሽ ማርሹን ነካ አድርጊ፣ ያለ ፍሪሲዮን ይገባል። ከባዱ ማቆሙ ነው፣ ስለዚህ ከሩቅ ፎሌ አውጪና በፍሬን ቁሚ፣ ሰው የሚበዛበትን መንገድ ተዪው። ለወደፊቱ ግን ልክ የሆነ አዲስ ሽቦ ግዢና ከአሮጌው ጎን ለጎን ዘርግተሽ በፕላስተር እሰሪው፣ ሁለቱን ጫፍ ግራሶ ቀብተሽ በላስቲክ ጠቅልይ። ሲበጠስ ጫፍና ጫፉን ማጋጠም ብቻ ነው፣ አንድ ፒንሳና ለማስተካከያው ዳዶ የሚሆን ቁልፍ ከወንበሩ ስር ይኑርሽ።