ቀይ ላባ ያለው ሁሉ ቦቫንስ አይደለም

እህቴ፣ «ቦቫንስ ብራውን የሚባለው የእንቁላል ጣይ ዝርያ ናቸው ተብዬ ከገዛኋቸው የ45 ቀን ቄቦች መካከል ድርብ ኩክኒ (አናት ላይ ያለው ቀይ ሥጋ) ያላቸውና ቀይ አውራ የሆኑ እየወጡ ነው፤ የተዳቀሉ ይሆኑ? ግቢዬ ካሉት ኩኩክ ከሚባሉት ዥንጉርጉር ዶሮዎች ጋር ባራባቸውስ ጫጩቱ ምን ዓይነት ቀለም ይይዛል?» ብለሽ ጠይቀሻል። አዎ፣ ከሌላ ዶሮ ጋር የተዳቀሉ ናቸው፤ ሻጩ አታልሎሻል። እኔንም ያቃጠለኝ ይኸው ነገር ስለሆነ የማውቀውን ሁሉ ልንገርሽ።

1. ላባውን ለጊዜው ተይውና ኩክኒውን እዪ። የቦቫንስ ኩክኒ ነጠላና ጥርስ ጥርስ ያለው ነው። ድርብ ኩክኒ በነጠላው ላይ የሚያይል ባሕርይ ስለሆነ ሁለቱም ወላጆች ነጠላ ከሆኑ ድርብ ያለው ጫጩት አይወጣም። ስለዚህ ድርብ ያወጣችው ቄብ የሌላ ዶሮ፣ ምናልባትም የሐበሻ ደም አለባት። መላጣ አንገት ካየሽም ያው ነው። አንገቷ ተገልጦ ከፊት በኩል ትንሽ የላባ ጉንጉን የቀረላት ባሕርዩን ከአንድ ወላጇ ብቻ ወርሳለች፤ ጨርሶ የተገለጠችው ከሁለቱም ወስዳለች።

2. ቀያዮቹ አውራዎች። ቦቫንስ የሚገኘው ከቀይ አባትና ከነጭ እናት ነው። ይህን ቀለም የሚወስነው ዘረመል ያለው በጾታ ክሮሞሶም ላይ ሲሆን ሴት ዶሮ የምታገኘው ከአባቷ ብቻ ነው። ሴቶቹ የአባታቸውን ቅላት ይዘው ይፈለፈላሉ፤ ወንዶቹ ከሁለቱም ስለሚወርሱና የእናትየው ነጭነት ስለሚያይል ነጣ ያሉ ይሆናሉ። መፈልፈያ ድርጅቶች ጫጩቱን በተፈለፈለበት ዕለት ሴትና ወንድ ብለው የሚለዩት በዚህ ነው። እንግዲህ ቀይ ቦቫንስ አውራ ብሎ ነገር የለም!

ለእኔ የሸጠልኝ ሰው የቦቫንስ እናቶችን ከቀይ የሐበሻ አውራ ጋር አራብቶ ነበር፤ ሁለቱም ቀይ ስለሆኑ ሴቱም ወንዱም ቀይ ሆኖ ወጣ። የእንቁላል ጣይ መኖ ለወራት ካበላኋቸው በኋላ ከፊሎቹ መጮህ ጀመሩ። ሴቶቹ ቡናማ ሳይሆን ፈዛዛ ቅርፊት ያለው እንቁላል ጥቂት ጥለው ማቀፍ አማራቸው። ደህና የተያዘች ቦቫንስ በዓመት ከ300 በላይ ትጥላለች፤ የሐበሻዋ ከ40 እስከ 60። የእኔዎቹ በመካከል ቀሩ፣ የመኖው ዋጋ ግን የቦቫንስ ነበር። ከዶሮዎቹ ሁለቱን ይዤ ወደሚመለከተው ቢሮ ሄድኩ። ባለሙያ የተባለው ሰው ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ «ቀይ ናቸው አይደል? ቀይ ከሆኑ ቦቫንስ ናቸው። ማርባት ካቃተሽ ተይው» አለኝ። ዶሮዎቹን እንኳ አላያቸውም። ያን ቀን የተሰማኝ ንዴት እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። ገበሬው ደክሞ ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ ምክር ሲጠይቅ እንዲህ መመለስ ነውር ነው። አላውቅም ቢለኝ በክብር እወጣ ነበር።

3. አሁን ወደ ኩኩኮችሽ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ደስ ይበልሽ። እነዚያን ቀያይ አውራዎች አትሽጫቸው። የኩኩክ ዥንጉርጉር መስመርም የሚወረሰው በዚያው በጾታ ክሮሞሶም ነው። መስመር የሌለው ቀይ አውራ በኩኩክ እናቶች ላይ ስትለቂ ወንዶቹ የእናታቸውን መስመር ይወርሳሉ፣ ሴቶቹ አይወርሱም። በተፈለፈሉ ዕለት ጥቁር ሆኖ አናቱ ላይ ነጭ ነጥብ ያለው ወንድ ነው፤ ነጥብ የሌለባት ሴት ናት። ሲያድጉ ወንዶቹ ገብስማ፣ ሴቶቹ አንገታቸው ላይ ቀላ ያለ ላባ ያለባቸው ጥቁር ይሆናሉ። በሠፈራችን የአንድ ቀን ጫጩት ሴትና ወንድ ለይቼ የምሸጠው እኔ ብቻ ነኝ። ያ ባለሙያ ያላየልኝን ነገር ደንበኞቼ ዛሬ ከሩቅ መጥተው ይገዙኛል።

ነገር ግን አቅጣጫው እንዳይገለበጥብሽ። ኩኩክ አውራ በቀይ እናት ላይ ከለቀቅሽ ሴቱም ወንዱም መስመር ይዞ ስለሚወጣ መለየት አይቻልም። ነጭ አውራም አይሆንም፤ ነጩ ብዙ ጊዜ ሌላውን ቀለም ይሸፍነዋል። ከእነዚህ ጫጩቶች መልሰሽ ብታራቢም ልዩነቱ ይጠፋል፤ ሁልጊዜ ከኩኩክ እናትና ከቀይ አውራ መጀመር አለብሽ።

እናቶቹ እስካሁን ከኩኩክ አውራ ጋር ከነበሩ አውራውን ካወጣሽ በኋላ ሦስት ሳምንት ያህል የሚጥሉትን እንቁላል ለምግብ አድርጊው፤ ዘሩ በሆዳቸው ስለሚቆይ የቀድሞው አውራ ጫጩት ይወጣብሻል። የአውራዎቹን ፎቶ ክንፋቸው ተዘርግቶ አንሺና ላኪልኝ፤ መስመር ያለበት ካለ ለይቼ እነግርሻለሁ።